ትንፋሽን የሚመልስ ቅዝቃዜ፦ የተሰበረ የጎን አጥንት ሕመምና ነርቭን በማቀዝቀዝ የሚሰጥ ሕክምና

ከፒያሳ ተነሥቶ በእግሩ ወደ አራት ኪሎ የሚያቀና ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ ራስ መኮንን ድልድይን ከተሻገረ በኋላ ዳገቱን መያያዝ ግድ ይሆንበታል። ጤነኛ ሰው በዚህ ዳገት ላይ ትንፋሹ ፈጠን፣ ደረቱም ሰፋ ሰፋ ይላል እንጂ መተንፈሱን ልብ አይለውም። የጎን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ግን እያንዳንዱን ትንፋሽ ይቆጥራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት በዚሁ ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አንሸራቷቸው በጎናቸው ወደቁ። በማግስቱ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ወጌሻ ደረታቸውን በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አስሮላቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። «እግዜር ይማርዎ ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብንላቸው፣ «ምን አድራለሁ ልጄ፣ ትንፋሼ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል» አሉን። በአምስተኛው ቀን ትኩሳትና ሳል ጀመራቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሳንባ ምች እንደያዛቸው ታወቀ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም አረፉ።

ስብራቱ ብቻውን የሚገድል አልነበረም። የገደላቸው ሳንባ ምች ነው፤ ለሳንባ ምቹ በር የከፈተለት ደግሞ ሕመሙ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ይህን በር ለመዝጋት ከቀረቡት መንገዶች አንዱን፣ ማለትም የጎን ነርቭን በማቀዝቀዝ ሕመምን ለሳምንታት የማስታገስ ዘዴን እንመለከታለን። ጉዳዩ የሐኪሞች ቢሆንም መሠረቱ በፊዚክስ ክፍል የምንማረው የጋዝ ባሕርይ ነው።

ሕመም እንዴት ይገድላል?

የሰው ልጅ 12 ጥንድ የጎን አጥንቶች አሉት። አየር ወደ ሳንባ የሚገባው እነዚህ አጥንቶች ሲነሡና ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል ብንል፣ 15 × 60 × 24 = 21,600 ይሆናል። ስለዚህ የተሰበረ የጎን አጥንት በአንድ ቀን ውስጥ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። የተሰበረ እግር በጄሶ ታስሮ ያርፋል፤ ደረት ግን ለአንድ ቀን እንኳ ዕረፍት የለውም።

ሕመምተኛው ይህን ሕመም ለመሸሽ በአጭር በአጭሩ መተንፈስ ይጀምራል። ሳልንም ይፈራል። በዚህ ጊዜ በሳንባው ግርጌ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አየር ስለማይደርሳቸው ይጨማደዳሉ። በሳል መውጣት የነበረበት አክታ በዚያው ይቀመጣል፤ ተሕዋስያንም በላዩ ይራባሉ። ሳንባ ምች የሚጀምረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ሐኪሞች ያሳተሙት የታወቀ ጥናት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ የጎን አጥንት ስብራት የመሞትን ዕድል በ19 በመቶ፣ በሳንባ ምች የመያዝን ዕድል ደግሞ በ27 በመቶ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጤነኛው የከተማችን ነዋሪ ይህን ለምዶታል፤ ትንፋሹ ላጠረበት ሕመምተኛ ግን ከጎደለው ላይ ሌላ ጉድለት ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ስለ ማሰር አንድ ቃል እንናገር። ደረትን በጨርቅ ወይም በሰፊ ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የአጥንቱን እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ለጊዜው እፎይታ ይሰጣል። ነገር ግን ሳንባው እንዳይሰፋ ስለሚከለክል የምንፈራውን አደጋ ራሱን ያፋጥናል። በዚህም ምክንያት ዘመናዊው ሕክምና ይህን ልማድ ትቶታል።

የጎደለው ጊዜ ነው

ታዲያ ሕመሙን በመድኃኒት ማስታገስ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ፓራሲታሞልና የመሳሰሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ለብርቱ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ አይበቁም። ሞርፊንና ቤተሰቦቹ ብርቱውን ሕመም ያስታግሳሉ፤ ይሁን እንጂ መጠናቸው ሲጨምር እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ትንፋሽንና ሳልንም ያዳክማሉ። ትንፋሽ ለማዳን የተሰጠው መድኃኒት ትንፋሽን መልሶ ይቀንሳል ማለት ነው።

ሌላው መንገድ በነርቩ አጠገብ የሚያደነዝዝ መድኃኒት መውጋት ነው። ይህ ትንፋሽን ሳይነካ ሕመሙን ያቆማል፤ ግን የአንድ መርፌ ኃይል ከሰዓታት አይዘልም። በቀጭን ቱቦ አማካይነት መድኃኒቱን ለቀናት ማንጠባጠብ ቢቻልም ክትትል ይሻል፤ ቱቦውም በቆየ ቁጥር ለተሕዋስያን መግቢያ ይሆናል። የተሰበረ የጎን አጥንት ደግሞ ለመጠገን ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ የጎደለው ነገር ሕመምን ማቆም ሳይሆን፣ ለሳምንታት አቁሞ ማቆየትና በኋላም ነርቩን ወደ ሥራው መመለስ ነው።

ውርጭና ሥር

በእያንዳንዱ የጎን አጥንት የታችኛ ጠርዝ ሥር አንድ ደም መልስ፣ አንድ ደም ቅዳና አንድ ነርቭ ተከታትለው ይጓዛሉ። የሕመሙ መልእክት ወደ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ ወደ አንጎል የሚያመራው በዚህ ነርቭ ነው። ነርቩ አክሶን የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች የታሰሩበት ነዶ ነው። እያንዳንዱ ክር በስስ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦዎቹም በሌሎች ሽፋኖች ተጠቅልለዋል።

ነርቭ በመጠኑ ሲቀዘቅዝ መልእክቱ ይዘገያል፤ ሲብስም ይቆማል። በጥዋት ውርጭ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ካቆምን ግን ሙቀቱ ሲመለስ ሕመሙም ይመለሳል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር ይከሰታል። በነርቩ ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፣ ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የክሩ ክፍልም ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ይህን ዓይነት መፍረስ እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 ገልጾታል፤ እስካሁንም በስሙ ይጠራል።

ዋናው ቁም ነገር ክሮቹ ቢፈርሱም ቱቦዎቹ መቅረታቸው ነው። ውርጭ የመታው ሣር ቅጠሉ ቢቃጠልም ሥሩ ደኅና ከሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል። ነርቭም እንዲሁ ከጤናማው ጫፍ ተነሥቶ በቀድሞው ቱቦ ውስጥ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ከቀዘቀዘበት ቦታ እስከ መድረሻው 15 ሴንቲሜትር ቢሆን 150 ሚሊሜትር ነውና፣ ጉዞው ከ75 እስከ 150 ቀናት ይወስዳል። አጥንቱ ግን ከዚያ ቀድሞ ተጠግኗል። ነርቩ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚያወራው ሕመም አያገኝም።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

በእንስራ ያለ ውኃ በሞቃት ቀን የሚቀዘቅዘው በገላው ቀዳዳዎች የሰረገው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ከመርፌ በፊት ክንዳችን ላይ የሚቀባው ስፒሪትም የሚያቀዘቅዘን በዚሁ ምክንያት ነው። ፈሳሽ ወደ ጋዝ ለመለወጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚወስደውም ከአካባቢው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ጄምስ ጁልና ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ያገኙት ክስተት ነው። ቶምሰን በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ነው። የታመቀ ጋዝ ከአካባቢው ሙቀት ሳይቀበል በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲሰፋ የሙቀት መጠኑ ይለወጣል። ምክንያቱን እንመርምር። የጋዝ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው በመጠኑ ይሳሳባሉ። ጋዙ ሲሰፋ ሞለኪውሎቹ ይራራቃሉ፤ ለመራራቅም የመሳሳቡን ኃይል ማሸነፍ አለባቸው። ለዚህ የሚያወጡት ጉልበት ከራሳቸው የእንቅስቃሴ ጉልበት ይቀነሳል። የእንቅስቃሴ ጉልበት መቀነስ ማለት ደግሞ መቀዝቀዝ ማለት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኘው ተስማሚ ጋዝ ሞለኪውሎቹ አይሳሳቡምና በዚህ መንገድ አይቀዘቅዝም። ሂልየምና ሃይድሮጅንም በክፍል ሙቀት እንዲህ ሲሰፉ ከመቀዝቀዝ ይልቅ በመጠኑ ይሞቃሉ። ስለዚህ የጋዙ ምርጫ ወሳኝ ነው።

ለነርቭ ሕክምና በብዛት የሚያገለግለው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በሲሊንደር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ50 አትሞስፌር ገደማ ግፊት፣ በፈሳሽነት ይቀመጣል። ይህ ፈሳሽ በመርፌ መሰል ዘንግ ውስጥ ባለ ቀጭን ቱቦ ወደ ጫፉ ይሄዳል። እዚያም ግፊቱ በድንገት ሲወድቅ ይፈላል፣ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል። የዘንጉ ጫፍ ድፍን ስለሆነ ጋዙ በሌላ ቱቦ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ሕመምተኛው ሰውነት የሚገባ ምንም ጋዝ የለም። በጫፉ ዙሪያ ግን ትንሽ የበረዶ ኳስ ይፈጠራል።

የቅዝቃዜው ወለል

«ይበልጥ የቀዘቀዘ ይበልጥ ይፈውሳል» ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይኖራል። እዚህ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 140 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የነርቡ ቱቦዎችም ይጎዳሉ። ያን ጊዜ ውርጩ ሥሩን ነካው ማለት ነው፤ አዲሱ ክርም መንገዱን ሊስት ይችላል።

አሁን የሦስት ጋዞችን የሙቀት መጠን እናነጻጽር። በባሕር ጠለል ግፊት ናይትረስ ኦክሳይድ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች በ78 ዲግሪ ገደማ ነው። ናይትሮጅን ግን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክሩን ለማፍረስ የሚበቃ፣ ቱቦውን ለማበላሸት ግን የማይደርስ ቅዝቃዜ ይሰጣሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ወለሉን አልፎ ይወርዳል።

እንግዲህ በናይትረስ ኦክሳይድ የሚሠራ መሣሪያ የያዘ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ቢያቀዘቅዝ እንኳ አደገኛው መጠን ላይ አይደርስም። የበረዶው ኳስ በመጠኑ ሊሰፋ ይችላል፤ ቅዝቃዜው ግን ከጋዙ መፍያ ብዙ አይወርድም። ጥበቃው ከቁልፍ ወይም ከማስጠንቀቂያ ደወል ሳይሆን ከቁስ አካሉ ባሕርይ የተገኘ ነው።

ትንሽ ስሌት

ስንት ግራም ጋዝ ያስፈልጋል? የበረዶው ኳስ ስፋት 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ይዘቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሥጋን ለጊዜው እንደ ውኃ ብንቆጥረው ክብደቱ 0.5 ግራም ይሆናል።

ከ37 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ፦ 0.5 × 4.2 × 37 = 78 ጁል ገደማ።
ዜሮ ላይ ወደ በረዶ ለመለወጥ፦ 0.5 × 334 = 167 ጁል።
በረዶውን በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ለማውረድ፦ 0.5 × 2.1 × 20 = 21 ጁል።
ድምር፦ 266 ጁል።

አንድ ግራም ናይትረስ ኦክሳይድ በመፍያ ነጥቡ ላይ ሲተን 376 ጁል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ 266 ÷ 376 = 0.7 ግራም ያህል በቂ ነው። በተግባር ፍጆታው ከዚህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከፈሳሹ ከፊሉ ራሱን ለማቀዝቀዝ ይውላል፣ የሚዘዋወረው ደምም ያለማቋረጥ ሙቀት ያመጣል። ሆኖም ስሌቱ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ከሃያ ሺህ የሕመም ትንፋሾች የሚያሳርፈው ቅዝቃዜ በጥቂት ግራም ጋዝ ውስጥ ይገኛል።

ከበረዶና ጨው እስከ መርፌ

ቅዝቃዜ ሕመምን እንደሚያደነዝዝ የጥንት ሐኪሞችም ያውቁ ነበር። የናፖሊዮን የጦር ሐኪም ላሬ እ.ኤ.አ. በ1807 በአይላው ጦርነት ብርዱ ያደነዘዛቸው ወታደሮች እጅና እግራቸው ሲቆረጥ ሕመሙ ቀለል እንደሚላቸው አስተውሏል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ አርኖት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በረዶንና ጨውን ቀላቅሎ ለሕመም ማስታገሻ ተጠቅሟል። አሜሪካዊው ኤርቪንግ ኩፐር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚሠራ ዘንግ ሠራ።

ከጁልና ቶምሰን ክስተት ጋር የተያያዘው መሣሪያ ግን ከአህጉራችን የመጣ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው የዓይን ሐኪም ሴሊግ አሞይልስ እ.ኤ.አ. በ1967 በጋዝ መስፋፋት የሚቀዘቅዝ ዘንግ አስተዋወቀ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ ሎይድና ባልደረቦቹ ዘዴውን ለነርቭ ሕመም ተጠቅመው ውጤቱን በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። በዚያ ዘመን ዘዴው ደረት ከፍተው ለሚያክሙ ቀዶ ጠጋኞች ያገለግል ነበር። ቆዳን ሳይከፍቱ ነርቩ ያለበትን ቦታ እያዩ ለመቅረብ ግን አልትራሳውንድ መስፋፋት ነበረበት።

በድንገተኛ ክፍል

በድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ለነርቭ አይደለም። መጀመሪያ የአየር መንገዱ ክፍት መሆኑ፣ ደም መፍሰሱ፣ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ወይም ደም መከማቸቱ ይመረመራል። ሕይወትን የሚያሰጋው ነገር ከተያዘ በኋላ የሕመሙ ተራ ይደርሳል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ የተሰበረውን አጥንት የታችኛ ጠርዝ ይፈልጋል። ቦታውን በማደንዘዣ መድኃኒት ካደነዘዘ በኋላ ዘንጉን ወደ ነርቩ ያስጠጋል። ሁለት ደቂቃ ያህል ያቀዘቅዛል፣ ያቀልጣል፣ እንደገናም ያቀዘቅዛል። ዘንጉ የሚወጣው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ካልሆነ ሥጋው ተጣብቆ ይቀደዳል። የጎረቤት ነርቮች ክልል ስለሚደራረብ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትም ብዙ ጊዜ አብረው ይቀዘቅዛሉ።

ዘዴው ገደብ አለው። ዘንጉ ሳንባን ቢወጋ አየር ሊያፈስ ይችላል። የታችኞቹ የጎን ነርቮች የሆድ ጡንቻዎችንም ስለሚያንቀሳቅሱ ጥንቃቄ ይሻሉ። በቀዘቀዘው ነርቭ ክልል ያለው ቆዳ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል፤ በጥቂት ሰዎች ላይም ነርቩ ሲመለስ የማቃጠል ስሜት ይኖራል። ለቅዝቃዜ የተለየ የደም ወይም የቆዳ ችግር ላለባቸው አይሆንም። በዓለም ላይም ቢሆን ለጎን አጥንት ስብራት የተደረጉት ጥናቶች ብዙ ሕሙማንን የያዙ አይደሉምና ገና መስፋት አለባቸው። ሕመሙ ስለጠፋም አጥንቱ ድኗል ማለት አይደለም፤ ሕመምተኛው ያገኘውን ዕድል ተጠቅሞ በጥልቀት መተንፈስ፣ ማሳልና ተነሥቶ መራመድ አለበት።

ጋዙና ሲሊንደሩ በአገራችን

በጋዝ መስፋፋት የሚገኘው ቅዝቃዜ ለአገራችን ሕክምና ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ በጤና ተቋሞቻችን የማሕፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር በዚሁ መርሕ ሲታከም ቆይቷል። ሲሊንደሩ፣ የግፊት መለኪያውና የሚቀዘቅዘው ጫፍ መርሐቸው አንድ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀምሯል። ዛሬ አቤት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ሆስፒታልም በከተማችን ይገኛል።

ከማሕፀን በር ሕክምናው የሚገኝ ትምህርት አለ። ዘዴው በብዙ አገሮች በሙቀት በሚሠራ መሣሪያ እየተተካ የመጣው አንዱ ምክንያት ጋዙን ማቅረብና ከባዱን ሲሊንደር ማጓጓዝ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የምድር ሙቀት አባባሽ ጋዝ ስለሆነም በክፍሉ ውስጥ እንዳይለቀቅ፣ ፍጆታውም እንዲቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያ ገዝቶ ማስገባት ብቻውን መልስ አይሆንም። ቫልቩን የሚጠግን፣ ግፊቱን የሚለካ፣ ጋዙን የሚያመርትና የሚቆጣጠር ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ ባለሙያ ዛሬ በፊዚክስ ቤተ ሙከራችን የግፊት መለኪያ የሚያነበው ተማሪ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ግን መሣሪያ የማይጠይቅ ነገር እንያዝ። ጎኑን ተመትቶ ሲተነፍስ ብርቱ ሕመም የሚሰማው ሰው ደረቱ አይታሰር። ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ በተለይ በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደም ካሳለ ወይም ትኩሳት ከጀመረው አይዘግይ። የታዘዘለትን ማስታገሻ በሰዓቱ ይውሰድ። ማሳል ሲያስፈልገው የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ በጎኑ ላይ ደግፎ ይሳል። በየሰዓቱም ጥቂት ጊዜ በጥልቀት ይተንፍስ።

ጎረቤታችን «ትንፋሼ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል» ባሉን ቀን «ጨርቁን እንፍታው፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» ማለት ይገባን ነበር። አላልንም። ስለ ጋዝ መስፋፋት ለዓመታት ስናስተምር ኖረን፣ አየር ሳንባቸው ግርጌ እንዳይደርስ የታሰረውን ጨርቅ እያየን «እግዜር ይማርዎ» ብለን ወጣን። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን በወጣን ቁጥር ይህ ትዝ ይለናል። አንባቢያችን በሚቀጥለው ክረምት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢጠይቅ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ጨርቁን እንዲያስፈታ አደራ እንላለን።